የአባቴ ቤትና የሰርቦዋ ሴት

አሁን አሁን «የማኅበረሰብ አንቂ» የሚባል ነገር መጥቷል። ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር አንዷ አንቂ ስትጠየቅ፣ ሌላዋ ስትመሰገን እሰማለሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም አልነበረም። ወይ ካድሬ ነሽ፣ ወይ የማኅበር ተመራጭ ነሽ፣ ወይ አርፈሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ። ከሦስቱ አንዱንም ያልሆነች ሴት የማውቀው አንዲት ብቻ ነው። ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ጎረቤታችን ነበረች። ከሰርቦ ተድራ ስለመጣች ሰፈሩ ሁሉ የሰርቦዋ ይላታል፤ እኔም እንደዚያው እላታለሁ። ከሞተች ቆየች። ሌላው ሰው ሲያመሰግናት ኖሯል፤ እኔ ደግሞ የማውቀውን ብጽፍ ማንንም አልበድልም።

ያኔ እኔ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ስብሰባ ሲጠራ ከፊት ቆሜ ጽሑፍ የማነብ እኔ ነኝ። ሴቶቹ አጨብጭቡ ሲባሉ ያጨበጭባሉ፣ ሲያበቃ ነጠላቸውን አራግፈው ይሄዳሉ። እነዚሁ ሴቶች ቦኖው ጋ የሰርቦዋ አፏን ስትከፍት እንስራቸው ሞልቶ እየፈሰሰ ቆመው ያዳምጧታል። በዓይኔ አይቻለሁ። በምን እንደምትበልጠኝ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ትምህርቷ ከእኔ አይበልጥም፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ የወንድ ነው። ግን ሰው ቤት ስትገባ ሁሉም ብድግ ይልላታል። ለእኔ የሚነሱልኝ ከቀበሌ መልእክት ይዤ ስሄድ ነበር፤ ያውም ደንግጠው።

ቀበሌ የገባሁት በእናቴ ምክንያት ነው። አባቴ ሲሞት ሁለት ቤት ትቶልን ነበር። አንዱ የምንኖርበት ነው፤ ሁለተኛው ከመንገዱ ማዶ ነው፣ ሰፊ በረንዳ አለው፣ ግቢው ውስጥ ማንጎ ነበረበት። ትርፍ ቤት ሲወረስ ማዶው ቤት ለቀበሌ ሆነ። መጀመሪያ የአብዮት ጥበቃዎች አደሩበት፣ በኋላ ተቆልፎ ቀረ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ቀበሌውን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «እነዚያ» ነው የምትለው። እኔ ስመረጥ «እነዚያ ጋ ገባሽ?» አለችኝ። ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ ዓይኗን ግን እኔ ላይ አታሳርፍም። እኔ ውስጥ ከሆንኩ ቤቱን አንድ ቀን አስመልሳለሁ፣ ያኔ እናቴ እንደ ልጅ ታየኛለች ብዬ ነበር የገባሁት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ዕድሉ መጥቶም ነበር። ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ሰው ሲወጣ ጠብቆ፣ እናቴ ራሷ መጥታ ብትጠይቅ ቤቱ በዝቅተኛ ኪራይ ሊታይልን እንደሚችል ሹክ አለኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳት።

«እነዚያ ደጅ አልቆምም» አለች። «ባሌ የሠራውን ቤት ከነሱ ለምኜ አልገባበትም።»

ሮመዳን ካለፈ በኋላ ደግሜ ጠየቅኳት። አለቀስኩም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዚክሯን ቀጠለች።

በዚያው ዓመት ቡና መጋዘኑ ውስጥ አደጋ ደረሰ። ብዙዎቹ የሰፈራችን ሴቶች እዚያ ተቀምጠው ከደረቀው ቡና የተሰበረውንና የጠቆረውን ይለቅማሉ። ሕፃናቱን ከጆንያዎቹ ሥር ያስተኟቸዋል። አንድ ቀን የተደረደረው ጆንያ ተንሸራቶ የአንዲት ለቃሚ ልጅ እግሩ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ዘበኛው ሕፃን የያዘች ሴት አላስገባም አለ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ቤት እየቆለፉባቸው ይወጡ ጀመር። አንዳንዷ የልጇን እግር በጨርቅ ከአልጋው ቋሚ ጋር ታስራለች። በመንገድ ሲያልፉ የሕፃን ለቅሶ ከየቤቱ ይሰማል።

እኔ ማድረግ ያለብኝን አደረግሁ። የሠርቶ አደር እናቶችን ችግር የሚያስረዳ ጽሑፍ በጥሩ አማርኛ አዘጋጅቼ ስብሰባ ላይ አነበብኩ። ተጨበጨበ። ሊቀመንበሩ «ይታያል» አለ፤ በዚያው ቀረ።

የሰርቦዋ ስብሰባው ላይ ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ለቤት ዞረች። ስትገባ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው አሉ፤ ልጅሽን ማን ይይዝልሻል? በመጨረሻ እኛ ቤት መጣች። መቀመጫ ዱካ እያለ እናቴ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩ አጠገብ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር።

«አዮ፣ እርስዎ ሲያሳድጉ ልጅ ማን ይይዝልዎት ነበር?» አለቻት፤ ትልልቅ እናቶችን በሰፈራችን አዮ ነው የምንላቸው።

እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። «ማን ይይዝልኛል ብለሽ። ይቺን» አለች በአገጯ እኔን እያሳየች፣ «በጀርባዬ ነው ያሳደግኳት። ጯሂ ነበረች።»

«አሁንም ስብሰባ ላይ ትጮኻለች» አለች የሰርቦዋ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ጉዳይዋን ተናገረች። ማዶ ያለው ቤት ባዶውን እንደሆነ፣ የለቃሚዎቹ ልጆች ቢውሉበት ብላ ማሰቧን፣ ሴቶቹም ተራ ገብተው ሊጠብቋቸው መስማማታቸውን ነገረቻት። «ቤቱ የእርስዎ ነው አዮ። እርስዎ አይሆንም ካሉ አንጠይቅም። እሺ ካሉ ግን ከፊት እርስዎ ይሁኑልን፣ ሣሩንም እርስዎ ይያዙልን።»

በእኛ አገር እርጥብ ሣር የያዘ ሽማግሌ ሲለምን ባዶ እጁን አይመለስም። ባለጋራ እንኳ ሣሩን ሲያይ ከመቀመጫው ይነሳል። እኔ እናቴን እያየሁ «እነዚያ» እስክትል ጠበቅኩ። የዚክር መቁጠሪያ ሙሰብሐዋን ጥቂት ቆጠረችና «መቼ ነው?» አለች።

ወደ ቀበሌው የሄዱ ቀን ቢሮ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ጩኸት አልነበረም፤ ቀና ስል ግቢው ሕፃን ባዘሉ ሴቶች ሞልቷል። እናቴ የዒድ ልብሷን ለብሳ ከፊት ቆማለች፣ ሣሩ በሁለት እጇ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ እንዲህ ያለውን ሁሉ ኋላ ቀር ልማድ ነው እያለ ሲያስተምረን የኖረ ሰው ነው። ግን እሱም የዚሁ አገር፣ የሰቃ ገበሬ ልጅ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ተቀበላት፣ ይቀመጡ አላት።

«አልቀመጥም» አለች እናቴ። «ያን ቤት ለነዚህ ሕፃናት ክፈትላቸው።»

በዚያው ሳምንት ተከፈተ። ቆይቶ በስብሰባ ላይ የሴቶች ማኅበር ድል ነው ተባለና ንግግሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ፊታቸው ግን ወደ ሰርቦዋ ዞሮ ነበር።

አንቂ የሚሏቸው ሰዎች ለአገር አይጠቅሙም አልልም። እሷ ባትኖር እነዚያ ልጆች ከአልጋ ጋር እንደታሰሩ ያድጉ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ከኋላቸው የሚያሰልፉትን ሰው ከሜዳ አያገኙትም። ከአንድ ቤት ወስደውት ነው። ከእኛ ቤት እናቴን ወሰደች፤ አመስግኛት ያለኝ ሰው ሁሉ ይህን አያውቅም።

እናቴን ለምን ብዬ ጠየቅኳት። ለእኔ አልቆምም ያልሽው ደጅ ላይ ለእሷ እንዴት ቆምሽ አልኳት።

«ያኔ ለራሴ ነበር የምለምነው» አለች። «ለሰው መለመን ሌላ ነው።»

እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ ልላት ነበር፤ ተውኩት።

ቤቱ እንደተከፈተ ሁልጊዜ እዚያ የምትውል አንዲት ኃላፊ አስፈለገች። እናቴ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ተሻግራ እዚያ ትውል ጀምራ ነበር። ሥራውን ፈለግሁት። ቢሰጠኝ ጸሐፊነቱን በዚያው ቀን ትቼ ከእናቴ ጋር በአባቴ በረንዳ ላይ እውል ነበር። ራሴን ማቅረብ ግን አልሆነልኝም። አንድ ሰው ስሜን እስኪያነሳ ጠበቅኩ። ከከምባታ የመጣች አንዲት ዝምተኛ ጴንጤ ተመረጠች፤ እንዲህ ያለችውን ሰው ቀበሌው በክፉ ዓይን በሚያይበት ጊዜ፣ የመረጠቻት እናቴ ናት።

ከዚያ በኋላ የሰርቦዋ ቦኖው ጋ አገኘችኝና በቅን ልቧ ነገረችኝ። ቅንነቷን ነው ይቅር ያላልኳት።

«እኔ እኮ ያንቺን ስም አንስቼ ነበር» አለችኝ። «አዮ ናቸው ተያት ያሉኝ፣ የሕፃን ጫጫታ አትወድም ብለው። እውነት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው» አልኳት።

«እንኳን አላስቸገርንሽ» ብላ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ እንስራዋን አዝላ ሄደች። የሰፈሩን ሴት ሁሉ የልብ ምስጢር የምታወጣጣ ሴት የእኔን በአንድ ቃል አምና ሄደች።

እናቴ ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ እዚያ ዋለች። ማታ ስትመለስ ልብሷ ወተት ወተት ይላል። ማን ጥርስ እንዳወጣ፣ ማን ቆሞ መሄድ እንደጀመረ፣ የትኛው ካልታቀፈ እንደማይተኛ ትነግረኛለች። እኔ እራት እያቀረብኩ እሰማታለሁ። ዝም ስትል አንዱን ሕፃን በስሙ ጠርቼ እጠይቃታለሁ፤ እንደዚያ ሳደርግ ወሬዋ ይረዝምልኛል።