ኮሌታው የጠበበው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ተጠራጣሪ ነበር። ደንበኛ «ወገቤ ይህን ያህል ነው» ቢለው አያምንም፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ራሱ ይለካል። ሚስቱ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ሆኖም የካውያው እንፋሎት ከአዲስ ጨርቅ ሽታ ጋር ሲቀላቀል፣ ለእርሷ ከዚያ የሚበልጥ ቤት አልነበረም።

አንድ ዓመት የባሏ ሸሚዝ አንገቱ ላይ ጠበበ። ፊቱ ክብ ሆነ፤ ጉንጩም ቀላ። ያየው ሁሉ «ተመችቶሃል» ይለዋል፤ ጎረቤታቸው ጫማ ሠሪ ደግሞ ድስት የምትጥደው ለእርሱ ብቻ እንደ ሆነ እየጠየቀ ያበሽቃታል። ባሏ ያማረበት ሴት ናትና ደስ አላት። ኮሌታውን ፈትታ አሰፋችው፤ ደግሞ ጠበበ፤ ደግሞ አሰፋችው። ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው የራሱን አንገት መጠርጠር አልሆነለትም።

ክንዱ መንምኖ የጨርቅ ጥቅል ማንሳት ሲያቅተው ግን ነገሩ ምቾት አለመሆኑ ታወቀ። ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሟ ደረቱን በሲቲ ስካን አስነሥታ፣ ናሙናም አስመርምራ ቁርጡን ነገረቻቸው። ከደረት አጥንት ኋላ ባለችው ታይመስ በምትባል ዕጢ ላይ፣ ሆርሞን የሚያመነጭ እጅግ ብርቅ የሆነ ካንሰር በቅሏል። ፊቱን የነፋውም፣ ክንዱን ያመነመነውም እርሱ ነው። ሳይሰራጭ ደረቱ ተከፍቶ መውጣት፣ ከዚያም ጨረር መከተል አለበት።

ልብስ ሰፊው ቤቱ ገብቶ «አልከፈትም» አለ። ሕመሙ ብርቅ ከሆነ፣ ሐኪሞቹ በማን ላይ ተማሩት? በእርሱ ሊማሩ ነው።

ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ሳትቆርጥ የሰፋኸው ልብስ አለ?»

«ጨርቅ አይደማም፣ እመቤት።»

«አይደማም፤ ቢበላሽብህም ሌላ ትገዛለህ። እኔ ግን ሌላ ባል አልገዛም። የአንተን ጠባይ የለመድኩት በስንት መከራ ነው።»

ሳይወድ ሳቀ። በማግስቱ ሄዶ ጥርጣሬውን ፊት ለፊት ተናገረ። ሐኪሟም አልዋሸችውም፤ እንዲህ ያለ በሽተኛ ከእርሱ በፊት ያየችው አንድ ብቻ ነው። «ሕመሙ ነው እንጂ ብርቅ፣ ደረት መክፈትማ ለቀዶ ሐኪሙ የዘወትር ሥራው ነው» አለችው። ይህን አመነ፤ ፈረመም።

ዕጢው ወጣ፤ ጨረሩም ተከተለ። ፊቱ ወደ ቀድሞው ሲመለስ ጫማ ሠሪው «ምነው ከሳህ?» ብሎ አዘነለት። ሕመሙ መመለስ ይወዳልና በየጊዜው ይታይ ነበር። ከዓመታት በኋላ በአጥንቱ ሲመለስ ማንም ሳይለምነው ራሱ ሄደ፤ ሐኪሟ ያዘዘችለት መርፌም ሕመሙን ጥቂት ዘመን ገታለት።

ሚስቱ ዛሬ ስለዚያ ዘመን ስትጠየቅ የምታወራው ትልቅ ነገር የላትም። መቀሱን ከቦታው አነሣሽ፣ አላነሣሁም ሲባባሉ ነው ያለፈው። አሁን መቀሱ ካስቀመጠችበት አይንቀሳቀስም።