የእቴቴ የገደል መንገድ

በፍርድ ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የወሩ ሥዕል ጣና ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ጥቁር ገደል፣ ከሥሩ ውሃ፣ ከአናቱ ቀጭን የእግር መንገድ። ከታች በቀይ ፊደል «ውብ የገደል ላይ ሽርሽር» ይላል። ሽርሽር! አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል አሉ። ያችን ገደል በእግሬም፣ በጉልበቴም፣ በመዳፌም አውቃታለሁ። ልጅ እያለሁ የወጣኋት ለሽርሽር አይደለም፤ በሰው ጠብ ነው።

ከእኔ ትይዩ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ታናሽ ወንድሜ ጌጡ ተቀምጧል። ከሳሽ እኔ ነኝ፣ ተከሳሽ እሱ። የምንካሰሰው እናታችን እዚሁ ደብረ ታቦር ትታልን በሞተችው ቤት ነው። መነጋገር ካቆምን አራተኛ ዓመታችን። እሱም ሥዕሉን እንዳላየ ሆኖ ያየዋል። ያውቃታላ! ያችን ገደል ያለፋት እኔ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው።

ያኔ ክረምት ሲገባ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እናታችን ሁለታችንንም ወደ እህቷ ትልከን ነበር። እኔ የአሥር፣ እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርን። በመኪና ወደ ወረታ እንወርዳለን፣ ከዚያ በእግር እስከ ሐይቁ፣ ከሐይቁ በታንኳ። ታንኳው ከደንገል የታሰረ ነው፤ እርጥብ ሣርና ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ እስክንሻገርም ቂጣችን ይርሳል። አክስታችንን እቴቴ ነበር የምንላት። እናታችን «አንቱ በሏት» እያለች ብትቆጣም እሷ «አንቱታው ለአማት ይሁን» ብላ አንቺ አስባለችን። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበረች፤ ንግግሯ ኮሶ ነው።

ደሴቷ ትንሽ ስለሆነች አንዱ ጫፍ ላይ የተሳደበ ሌላው ጫፍ ላይ ይሰማል። የእቴቴ ቤት በአንድ በኩል፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሌላው በኩል ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ነበሩ። የታችኛው ውሃውን ይዞ፣ ሜዳ ለሜዳ፣ በሾላ ጥላ ሥር ይሄዳል፤ ሕፃን ሳይደክመው ይደርሳል። የላይኛው በገደሉ አናት ይዞራል፤ እሱን ፍየል እንኳ አስባበት ነው የምትሄድበት። ችግሩ፣ የታችኛው መንገድ የሚያልፈው በወንድሟ በአያ ታከለ ደጅ ነው። እቴቴ ደግሞ ተገዝታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያታችን ስትሞት እቴቴ ደብረ ታቦር እኛ ጋ ነበረች። ሐይቁ ሦስት ቀን ሙሉ ሲናወጥ ታንኳ የሚያወጣ ደፋር ጠፋ። አስከሬኑ ከዚያ በላይ መቆየት አልቻለምና አያ ታከለ እናታቸውን ቀበሩ። እቴቴ በአራተኛው ቀን ስትደርስ ጉድጓዱ ተደፍኗል። እዚያው መቃብሩ ላይ ቆማ፣ ቄሱ እየሰሙ፣ «እናቴን ሳልሰናበታት የቀበረ! እሱ በሚወጣበት በሚገባበት ደጅ የእኔ እግር፣ እኔን ብሎ የመጣም ሰው እግር ቢረግጥ፣ ማርያም ትፍረድብኝ» አለች። እኛ አገር እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ ቄስ ካልፈታው ማንም አያላላውም። ከዚያ ወዲያ የእሷ መንገድ በገደሉ ሆነ። እኛም እሷን ብለን የመጣን ነንና ገደሉ ለእኛም ደረሰን።

በዚያ ክረምት ፍልሰታ ገባ። አሥራ አምስቱን ቀን ልጆች ይቆርባሉ፤ ስለዚህ በየቀኑ፣ በባዶ ሆድ፣ በዝናብ፣ በዚያ ገደል። ጌጡን በነጠላ አዝዬ ከኋላዋ እከተላታለሁ። ድንጋዩ ሙልጭልጭ ይላል፣ ነፋሱ ቀሚሴን ይገልበዋል፣ ከሥር ሐይቁ ጭቃ መስሎ ይጉረመረማል። እታች ከአያ ታከለ ጎጆ ጭስ ይወጣል፣ የሚቆላ ባቄላ ሽታ እላይ ድረስ ይመጣል። አንገታችንን ስናዞር እቴቴ «እንዳታዩ!» ትላለች፤ ዓይንም የሚረግጥ ይመስል።

እውነቱን ልናገር፣ ጠላኋት። ሁለቱንም ጠላኋቸው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተኳርፈው የእኔ ጉልበት ይላጥ! አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ «እቴቴ፣ በታች ብንሄድ እውነት ማርያም ትቆጣለች?» አልኳት። ዞር ሳትል «ማርያም ባትቆጣ እኔ እቆጣለሁ» አለችኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ መንገዱ ከሚጠብበት ቦታ ላይ፣ ከፊቴ የነበረችው እቴቴ ድንገት የለችም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ አንድ ድንጋይ ላይ ተጋድማለች፤ እግሯ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። «አትጩሂ፤ አልሞትኩም» አለችኝ። ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሄዷል። አያ ታከለ ብቻ ቤታቸው ነበሩ፤ እሷ ገደሉን ጨርሳ ካልወረደች እሳቸው ከቤታቸው አይወጡም፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንዳይገናኙ። እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ደጁን ከረገጥኩ ግዝቱ ይደርስና እቴቴ ትሞታለች። ካልረገጥኩ ደግሞ ዝናብ ላይ እንደተጋደመች ትሞታለች። የአሥር ዓመት ልጅ ላይ ይህን መጫን ግፍ ነው፤ ዛሬም ግፍ ነው እላለሁ። ጌጡን ከጀርባዬ አወረድኩና «ከዚህች ድንጋይ ንቅንቅ ብትል እገድልሃለሁ» ብዬው በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ደጁ ጋ ስደርስ መላ መጣልኝ። ግዝቱ የእግር ነው አልኩና በመዳፌና በጉልበቴ እየዳኽኩ ገባሁ።

አያ ታከለ ታንኳቸውን ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ሾላው ላይ አስደግፈው ያቆሙ ነበር። ጭቃ ለጭቃ ስድህ አይተው ደነገጡ። «ምነው ልጄ! እግርሽን ምን አገኘብኝ?»

«እኔ ደህና ነኝ፤ በግዝቱ ምክንያት ነው። እቴቴ ገደል ወደቀች» አልኳቸው።

ነጠላቸውን እንኳ ሳያነሱ ሮጡ። አዝለዋት ሲወርዱ ጀርባቸውን በጡጫ ትደልቃለች። «አውርደኝ! እናቴን የቀበረ እጅ አይነካኝም! ሬሳዬንም አትነካ!» እሳቸው መውረዳቸውን ቀጠሉ። ደጃቸው ሲደርሱ ጭራሽ ጆሯቸውን ጨምድዳ ያዘችና «ግዝቴን ልታፈርስብኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ይህን ጊዜ ቆሙ። «እግርሽ መሬት አልነካ። ከዚች ልጅ ተማሪ» አሉና በራሳቸው ደጅ አልፈው ወደ ቤቷ ይዘዋት ሄዱ። እኔ ወደ ጌጡ ተመለስኩ። ከድንጋዩ ንቅንቅ አላለም፤ ሱሪው ግን ርሷል።

ወጌሻ አሽቶ አሰረላት፤ እግሯ ግን ጠማማ ሆኖ ነው የዳነ። ገደል መውጣት ቀረ፣ ግዝቱ ግን አልቀረም። ከዚያ በኋላ በየሰንበቱ አያ ታከለ እሷ አጥር ድረስ ይመጣሉ። አይጠሩም። አንድ ጊዜ ያስሉና ጀርባቸውን ሰጥተው በርከክ ይላሉ፤ እሷ እየተነጫነጨች ትወጣባቸዋለች። በታችኛው መንገድ፣ በደጃቸው፣ በሾላው ሥር፣ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ። ከቅዳሴ በኋላም ያው ነው። ንስሐ አባቷ ቢያዝኑ «ልጄ፣ ግዝቱን ልፍታልሽና በሰላም ታረቁ» አሏት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። «አባቴ፣ ተፈትቼ ከማናግረው ታስሬ ቢያዝለኝ ይሻለኛል» አለቻቸው።

አያ ታከለ ቀድመዋት ሞቱ። ለቀብሩ ከእናታችን ጋር ሄደን ነበር። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል እቴቴ ሰው ልካ «እኔ ሳልደርስ እንዳታነሱት» አለች። ጠበቋት። በሁለት ምርኩዝ፣ በታችኛው መንገድ፣ በገዛ እግሯ መጣችና ደጁን ረግጣ ገባች። ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ቄሱ ቀስ ብለው «ግዝቱስ?» ቢሏት፣ «የሚያዝለኝ እዚያ ተኝቷል፤ በምን ልምጣ?» አለችና አስከሬኑ ራስጌ ተቀምጣ እንባዋ እስኪደርቅ አለቀሰች። እኔም እሷን ይቅር ያልኳት ያን ቀን ነው።

እነሱ በእናታቸው ተጣሉ፤ እኛ በእናታችን ቤት። እቴቴ ለማኩረፍ ብላ ገደል ትወጣ ነበር። እኔ ስልኬ ላይ አንዴ ነካ አድርጌ ወንድሜን ዘጋሁት፤ ላብ እንኳ አልወጣኝም። ዝናብ ሲዘንብ ከደጄ መጥቶ የሚያስልልኝም የለም። ማን ነው ታዲያ ክፉው? እነሱ ናቸው ብዬ ነበር ያደግሁት።

ስማችን ተጠራ። ገባን፣ ተከራከርን፣ እሱም ዋሸ፣ እኔም ትንሽ ጨመርኩ፣ ለሌላ ቀን ተቀጠርን። ስንወጣ ደብረ ታቦር በረዶዋን ጥላ ደረጃው ርሷል። ያ ገደል የላጠው ጉልበቴ ዘንድሮ ደረጃ ስወርድ ያስለቅሰኛል። የደረጃውን ብረት ጨብጬ ቆምኩ። ጌጡ ቀድሞኝ ሁለት ደረጃ ወረደና ቆመ። አልዞረም። አንድ ጊዜ አሳለ።

የማላውቅ መስዬ ትንሽ ቆየሁ። ብሽቀቴ ገና አልወጣልኝም ነበር። ከዚያ እጄን ትከሻው ላይ ጣልኩ፤ ኮቱ እርጥብ ነው፣ ትከሻው ሰፍቷል። እሱ አንድ ሲወርድ እኔ አንድ እወርዳለሁ። ታች እስክንደርስ አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም። በሩ ላይ እጄን አነሳሁ፣ እሱ ወደ ታች ገበያው በኩል፣ እኔ ወደ ላይ ሄድን። ክሱን አላነሳሁም፣ እሱም ቤቱን አለቅም እንዳለ ነው። ቀጠሯችን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ደረጃውም ያው ደረጃ ነው።