ሰባት ቁጥር እርሾ

ታቢታ ሙሴ ከይርጋለም ተነሥታ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ ሐዋሳ እኛ ቤተ ሙከራ ከተቀጠረች ጀምሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። እርሾ ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚባሉት ስኳሮች አብረው ሲቀርቡለት ግሉኮሱን ይጨርሳል፤ ጥቂት ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ያልፋል። እስከዚያ ድረስ ጋላክቶስ የሚያስበላውን ጂን ምን ዘግቶ ይይዘዋል? በስምንተኛው ዓመት፣ ከሺዎች መካከል፣ ሳይቆም ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚበላ እርሾ አገኘች። ሰባት ቁጥር አለችው። መዝጊያው የተበላሸበት እሱ ነበር፤ ብልሽቱን ማግኘት መልሱን ማግኘት ነው።

በ1975 ዓ.ም. ለክትባት ዘመቻ እርሾዎቹ የሚቀመጡበት ማቀዝቀዣችን በደብዳቤ ተጠየቀ። ኃላፊው እኔ ነበርኩ፤ ፈረምኩ። ሕፃናትና እርሾ ቢመዘኑ ማን ያመነታል? ብቻ ያላመነታሁት ለሕፃናቱ ብዬ ይሁን ደብዳቤው ላይ ያለውን የመንግሥት ማኅተም አይቼ፣ ዛሬም አላውቀውም።

«ለስንት ጊዜ ነው ጋሽ ይልማ?» አለች ታቢታ።

«አራት ወር።»

«እርሾዎቼ በዚህ ሙቀት አንድ ወር እንኳ አይቆዩልኝም።»

በማግስቱ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የእትዬ ዘነበች ጠጅ ቤት ይዛኝ ሄደች። የመጀመሪያ እርሾዎቿን የወሰደችው ከዚያ ነው፤ እሷ ግን ጠጅ በአፏ አይዞርም።

«ጴንጤዋ መጣች! ዛሬስ ትቀምሺልኛለሽ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ዛሬም ለጥያቄ ነው። ማር ጠፍቶ ወራት ጠጅ ሳይጥሉ ሲቀሩ እርሾውን እንዴት ያቆዩታል?»

«ጋኑ ሥር የሚቀረውን አንቡላ ነዋ! ጥላ ላይ አድርቄ፣ በጨርቅ ቋጥሬ እሰቅላለሁ። እናንተ የተማራችሁት ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፉትና ሞተብን ትላላችሁ።»

ታቢታ አርባ ሁለት ቁራጭ ማጣሪያ ወረቀት በየእርሾው ነክራ አደረቀች። በፖስታ ከታ ታቦር ሰፈር ካለው ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለቻቸው።

ማቀዝቀዣው የተመለሰው በሰባተኛው ወር ነው። ከአርባ ሁለቱ አሥራ ዘጠኙ በቀሉ፤ ሰባት ቁጥርም በቀለ። መብቀሉ ብቻ ግን አይበቃም። ጠባዩን ጥሎ እንደሌላው ሆኖ ቢሆንስ? ሁለቱን ስኳሮች ቀላቅላ ለእሱም፣ ለማነጻጸሪያ ለአንድ ተራ እርሾም ሰጠች። ከጠዋት ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ የሁለቱን ብልቃጦች ድፍርስነት እየለካች ቁጥር ትጠራለች፤ እኔ ወረቀት ላይ ነጥብ አኖራለሁ። ከሰዓት በኋላ የተራው እርሾ መስመር ተጋደመ። የሰባት ቁጥር ሽቅብ ቀጠለ።

«አልቆመም» አልኳት።

«ገና ነው፤ እጅዎን አያንሡ።»

እስኪመሽ አልቆመም።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፖስታ አገኘሁ። ላዩ ላይ በእርሳስ «ሰባት ቁጥር። ጋሽ ይልማ ቤት የሚሰቀል» ተብሎ ተጽፏል። ቤቴ ገብቼ ሚስማር ፈለግሁ።