ያልተጻፈውን አለማወቅ

ውጭ አገር የመማር ዕድል አግኝቼ የቀረኝ የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ ነበር። አንዴ ወድቄበታለሁ። ዳግም ብወድቅ ዕድሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔም መቱ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ ሽሮፕ ስሸጥ ልኖር ነው። የጣለኝ ንባቡ ነው። ምንባቡን ታነቢያለሽ፤ ከዚያ ለየዓረፍተ ነገሩ «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «አልተገለጸም» ብለሽ ትመልሻለሽ። ሲያዩት የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ወይ ጉድ!

የሚያስጠናኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ግን አልፈጠረበትም። አንድ ቀን ስለ ገጠር ሠርግ የሚያወራ ምንባብ ሰጠኝ። እንግዶች መጡ፣ ጨፈሩ፣ ሲመሽ ወደየቤታቸው ሄዱ ይላል። ጥያቄው «ለእንግዶቹ ምግብ ቀርቦላቸዋል» የሚል ነው። ሳላመነታ «እውነት» አልኩ።

«የት ላይ ተጻፈ?»

«ሠርግ ነው እኮ! ሳይበሉ ተመለሱ ልበል? እንዲህ ያለ ሠርግ እኛ ጋ ቢደረግ ጎሬ ድረስ ይወራ ነበር።»

ራሱን ያዘ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለማታውቂው ሰው ትደግሺያለሽ እንዴ? የምታውቂውን ሁሉ በር ላይ ትተሽ ግቢ!»

እያደር ሰለጠንኩ። ጎረቤቶች ሰው ሲያሙ እንኳ «ይሄ የት ተገለጸ?» እያልኩ ጨዋታ ማበላሸት ጀመርኩ።

ፈተናው አዲስ አበባ ነበር። ምንባቡን ስገልጠው ስለ ቡና ነው፤ ያውም እንደኛው አገር ባለ ጫካ ውስጥ ስለሚለማ ቡና። ደስ ሲለኝ! አንዱ ጥያቄ «ገበሬዎቹ ቡናውን የሚተክሉት በዛፍ ጥላ ሥር ነው» ይላል። ምንባቡን ደጋግሜ አየሁት፤ ስለ ጥላ አንዲት ቃል የለም። ሁሩሙ ያለው የአባቴ ቡና ከነዋንዛው ዓይኔ ላይ መጣ። ታዲያ ሜዳ ላይ ሊተክሉት ነው? እጄ ወደ «እውነት» ሄደች። ጥርሴን ነክሼ መለስኳትና «አልተገለጸም» አልኩ።

ውጤቱ ደረሰ፤ አለፍኩ። ወንድሜ ራሱ የተፈተነ ይመስል መቱን ዞሮ አወራ። እኔ በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ሁሩሙ አባቴ ጋ ሄድኩ። አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለ መረቀኝ፤ ከዚያ «ለመሆኑ ምን ጠየቁሽ?» አለኝ። እኔ ሞኟ ስለ ቡናው ነገርኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ቡና ጥላ ሥር መሆኑን አላውቅም አልሻቸው?»

«እንደሱ አይደለም አባዬ፤ ወረቀቱ ላይ ስላልተጻፈ ነው።»

«ዋንዛውን የተከልኩት እኔ አይደለሁም? ያደግሽው እሱ ሥር አይደለም?»

እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። አባቴ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

«ለፈተናው ይሁን፣ እሰይ፣ አለፍሽ። እዚያ ሄደሽ ሰው ስለኛ ቢጠይቅሽ ግን ወረቀት ላይ አትፈልጊን።»