የኮርቻ ሰፊው መንገድ

አራዳ ገበያ ዳር ኮርቻ የሚሰፉ ሽማግሌ አሉ። ሚሲዮኖች ስዊድን ወስደው ያስተማሯት ልጃቸው፣ «አባባ ይምጡ፣ አገሩን በመኪና አዞርዎታለሁ» ብላ ጽፋላቸው ነበር። ታምሜአለሁ ብላ ከጻፈች ወዲህ ደብዳቤዋ ተቋርጧል። እሳቸው ግን መንገዱን በወስፌ ቆዳ ላይ ነድፈውታል፤ መጀመሪያ ትልቁ ከተማ ከነቴአትር ቤቱ፣ ቀጥሎ ጫካው፣ መጨረሻ በረዶ የለበሰው ተራራ።

«በበቅሎ ስንት ቀን ይፈጃል?» ይሉኛል ባለፍኩ ቁጥር። «ደግሞ ሰኔ ላይ ፀሐይዋ አትጠልቅም አሉ። ረመዳን ቢይዘኝ መቼ ላፈጥር ነው?»

ትናንት ስስቅ፣ ከኮርቻው ሥር ያልተከፈተ ደብዳቤ አየሁ፤ ፈረንጅ ሰው ሲሞት የሚልከው፣ ዳር ዳሩ ጥቁር የሆነው ዓይነት።

«ላንብብልዎ?» አልኳቸው።

እጃቸውን ጫኑበት።

«ተወው ልጄ። ስደርስ እሷው ታነብልኛለች።»