ያን ዓመት የሚለው ብርድ

ባሌ ከውጫሌ በላይ ባለው ደጋ የአየር ጠባይ መዝጋቢ ነው። ጓሯችን ውስጥ በሽቦ የታጠረ ነጭ የእንጨት ሣጥን አለ። እሱም ጠዋት ጠዋት በውስጡ ያለውን የሙቀት መለኪያ ያነብና ሌሊቱ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ይጽፋል። አንዱን ቅጂ ወደ ከተማ ይልካል፣ ሌላውን አልጋችን ሥር ባለች ሻንጣ ያስቀምጣል።

እኔ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ነኝ፤ የዚህን አገር ብርድ አልችለውም። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው፤ ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር “በረደኝ” ስለው፣ “ይሄ ምን ብርድ ነው? ብርድስ ያን ዓመት ነበር” ይለኛል።

ያን ዓመት የሚለው የፊተኛዋን ሚስቱን ዘመን መስሎኝ ነበር። እኔን ያገባኝ እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ጎረቤታችንም ጋቢ ደርቤ ባየችኝ ቁጥር፣ “አላህ ይዘንላትና፣ እሷ እኮ በዚህ ውርጭ ወንዝ ወርዳ ውሃ ትቀዳ ነበር” ትለኛለች። ቅናት ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚህ ቤት ነው። በሕይወት ያለች ጣውንት ብትሆን ተሰዳድበን ይወጣልኝ ነበር። የሞተች ሴት ግን አታረጅም፣ አይበርዳትም።

ዘንድሮ ውርጩ ጎመኔን ሙልጭ አድርጎ መታው። ከዚህ በላይ ምን ብርድ አለ ብዬ፣ እሱ ገበያ ሲወርድ ሻንጣውን ከፈትሁ። እሷ በቤቱ የነበረችባቸውን ዓመታት መዝገቦች ዘርግቼ፣ ታኅሣሥ ታኅሣሡን ከዘንድሮው ጋር አስተያየሁ። የሞተችበትን ዓመት ብቻ ተውሁት፤ የሞተችው በጥቅምት ስለሆነ የዚያን ዓመት ታኅሣሥ አላየችውም። የዘንድሮን የሚያህል ብርድ በአንዱም ዓመት አልነበረም። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! እሱ እስኪመለስ መቀመጥ አቃተኝ።

“ና ተመልከት” አልሁት፣ ገና ከበር ሳያልፍ። “የእሷን ዘመን ብርድ በልጬዋለሁ።”

መዝገቦቹን አንድ በአንድ አየ። አልተቆጣም። ከሻንጣው ያልነካሁትን አንዱን አወጣና ታኅሣሥን ገለጠልኝ።

“ያን ዓመት የምለው ይሄን ነው” አለ።

አነበብሁት። ከዘንድሮው በሦስት ዲግሪ ይሞቃል። “ይሄማ ሙቀት ነው” ልለው አፌን ከከፈትሁ በኋላ ጥቅምት ትዝ አለኝ። ያኔ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል። ያን ታኅሣሥ ብቻውን ነው የተኛው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ቅናቴ ግን አላስችል አለኝ።

“እኔ ብሞትስ፣ እንዲህ ይበርድህ ይሆን?” አልሁት።

አሰበ። ቆም ብሎ፣ መዝገቡን እንደያዘ፣ ብዙ አሰበ። ማሰቡ ራሱ አንጀቴን አሳረረው።

“ወላሂ፣ ያላየሁትን አልናገርም” አለኝ።

እንዲህ ያለ እውነተኛ ባል አላህ ለጠላቴም አይስጥ።