ለአዴ ጫልቱ የተነገሩ ፊልሞች

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰበታ በተከራየነው ቤት ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲንጣጣ፣ ባለቤቴ ከኢንተርኔት ያወረደውን አንድ የድሮ ፊልም ከፈተልን። ሰይፍና ዘንዶ የሞላበት፣ ከቪዲዮ ካሴት የተቀዳ ፊልም ነው። ምስሉ ሳይመጣ ሙዚቃው ቀደመ። ካሴት ሲያረጅ እንደሚሆነው መለከቱ ይንገዳገዳል፤ ከፍ ሊል ሲል ይሰምጥና እንደ ገና ይነሣል። ልጄ "ማሚ፣ ተበላሽቷል" አለች። እኔ ግን ቡራዩ ነበርኩ፤ የበግ አጎዛ ላይ፣ ኦቦ ገመዳ እግር ሥር።

ኦቦ ገመዳ ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጉልበታቸው ሲታመም ያቆሙ፣ ቁመተ ረጅም፣ ድምፃቸው ከደረታቸው የሚወጣ ሰው። ከመጨረሻው የወደብ ጉዟቸው ይዘውት የመጡት የቪዲዮ ዴክ በሰፈራችን ብቸኛው ነበር። በላዩ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ዓይናቸው ደህና ሳለ በኪሮሽ የሠሩት ነጭ ዳንቴል ይለብሳል። ካሴቶቹ ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም የጀብዱ፣ ሁሉም የጠፋ ዘውድና የተደበቀ ዋሻ ታሪክ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባለን። ቴሌቪዥኑ ሲሞቅ የአቧራ ሽታ ይሸታል፤ በመስኮቱ ደግሞ ከገፈርሳ በኩል የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። እነዚያን ሰባት ካሴቶች ስንት ጊዜ እንዳየናቸው አላውቅም። ሰልችቶን አያውቅም።

አዴ ጫልቱ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠፍቶ፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለዩት። ኦቦ ገመዳ ከጎናቸው ተቀምጠው ፊልሙን በቃል ይነግሯቸዋል። እኛ በዚያ ተጠቃሚ ነበርን እንጂ ትረካው ለእሳቸው ነበር። ኦቦ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ግን አንድም ንግግር ሳይተረጉሙ አያልፉም። በሳቸው አፍ ንጉሡ እንደ ሰፈር ሽማግሌ እየተረተ ይፈርዳል፤ ጠንቋዩ በኦሮምኛ ይራገማል። ተራራው "ከእንጦጦ ሁለት እጥፍ" ነው። መርከብ ሲመጣ ግን ድምፃቸው ይለወጣል፤ ባሕርን በዓይናቸው አይተዋላ። "ጫልቱ ኮ፣ የኔ ጫልቱ፣ ውኃው አሁን ጠዋት የነበረው ሰማያዊ አይደለም። ወደ ማታ ነው። እንደ አሮጌ የእርሳስ ብረት ሆኗል" ይሏቸዋል። አዴ ጫልቱ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፊልሙን አያቆሙም ነበር። ጥቁር መስታወት እያዩ ይቀጥላሉ። አንድ ቀን መብራቱ ሲመለስ፣ እሳቸው ከገደሉት አንድ ሰዓት ያለፈው ዘንዶ ገና ከዋሻው ሲወጣ አየነው። ኦቦ ሳይደናገጡ "ይሄኛው ወንድሙ ነው" አሉ።

ሁለቱ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ለሚ የሚባል። እኔ ትንሽ ሳለሁ ዘምቶ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። የጉርድ ፎቶው ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ እናትና አባቱ ስሙን ሲያነሡ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሞቱ ያልተረዳ ልጅ አያለቅሱለት፣ አይጠብቁት፤ እንዲሁ መሃል ላይ ቀርተው ነበር።

ከካሴቶቹ መሃል አዴ ጫልቱ ደጋግመው የሚያስከፍቱት የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ ነው። ወንድማማቾቹ የአባታቸውን ዘውድ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ጠላት ሲከታተላቸው ታናሹ የዋሻውን በር ይዞ ብቻውን ሲዋጋ በፍላጻ ይመታል። እዚያ ስንደርስ አዴ ጫልቱ "ተነሣ?" ይላሉ። ኦቦ ገመዳም "ተነሣ! ትከሻውን ነው የነካው። ይኸው፣ ሰይፉን ይዞ ቆመ" ይላሉ። ልጁ ምስሉ ላይ እንደ ወደቀ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ በፊልሙ ውስጥ አይታይም። ኦቦ ግን "ሌላ ግንባር ሄዶ ነው፣ ይመጣል" ስለሚሉን እኛም ከዓይናችን ይልቅ እሳቸውን አምነን እንጠብቅ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ እንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ሆንኩ፤ ያንንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ ፈለግሁ። በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ታላቁ ወንድም ታናሹ ላይ ተንበርክኮ የሚናገራት አጭር ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባችኝ።

"ተነሣ?" አሉ አዴ ጫልቱ።

"ተነ..." ብለው ሳይጨርሱ እኔ ቀደምኳቸው።

"አልተነሣም እኮ ኦቦ! ሞቷል። ወንድሙ ሞተ ነው ያለው።"

ኦቦ ገመዳ ወደ እኔ አልዞሩም። ጉልበታቸውን ይዘው በቀስታ ተነሡና ቴሌቪዥኑን አጠፉት። "መብራቱ ሊጠፋ ነው መሰለኝ" አሉ። መብራቱ ግን ነበር። እኛም አንድ በአንድ ጫማችንን አጥልቀን ወጣን። በሩ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ የለሚን ፎቶ አየሁ። ምን እንዳደረግሁ ያኔ ገባኝ።

ሁለት ቅዳሜ ሆዴን አመመኝ እያልኩ ቀረሁ። በሦስተኛው ሳምንት አዴ ጫልቱ አጥሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ራሳቸው መጡ። ሮጬ ደገፍኳቸውና ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ለምን ጠፋሽ?" አሉኝ።

"ይቅርታ አዴ" አልኩና አለቀስኩ።

"ምን አጠፋሽ? ዓይኔ ነው የጠፋ፤ ጆሮዬ አለ። ያ ሙዚቃ ልጅ ሲተርፍ የሚመታ ነው እንዴ? ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ተነሣ ብለው ይጠይቋቸዋል?"

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

"እሱ እንዲናገራት ነዋ። ተነሣ ሲል ድምፁን ሰምተሽዋል? ሌላ ቀን እንደዚያ አይናገርም። እኔ ሞተ ካልኩት ገመዳ በምን ይቆማል? ቅዳሜ ነይ። አፍሽን ግን ያዥልኝ።"

ቅዳሜ ሄድኩ። ኦቦ ገመዳ አጎዛው ላይ ቦታ አሳዩኝና "አስተማሪያችን መጣች" አሉ፤ ቂም የለበትም ድምፃቸው። ያንኑ ካሴት ከተቱ። ዋሻው ጋ ስንደርስ አዴ ጠየቁ፤ ኦቦ ተነሣ አሉ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ የአጎዛውን ጠጉር ስነጭ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እንዲሁ አየነው።

ኦቦ ገመዳ ያረፉት እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ነው። አርባቸው ካለፈ በኋላ ለእረፍት ስመጣ አዴ ጫልቱ አስጠሩኝ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ዳንቴሉ አቧራ ይዟል። "የወንድማማቾቹን ክፈችልኝ" አሉኝ። ከፈትኩና ከጎናቸው ተቀምጬ ኦቦ በሚሉት ቃል ልተርክላቸው ሞከርኩ። ዋሻው ጋ ስንደርስ "ትከሻውን ነው" ልል ስል አዴ ጫልቱ የእጄን አንጓ ያዙ።

"እሱ አሁን አይሰማም" አሉ። "እንዳለ ንገሪኝ።"

እጄን እንደ ያዙ ነበሩ።

"የት ነው የመታው?"

"ደረቱን፣ አዴ።"

"ብቻውን ነው?"

"አይደለም። ወንድሙ ደርሶለታል። ራሱን ታቅፎ ይዞታል።"

"ዓይኑን ከደነለት?"

"አዎ፣ ከደነለት።"

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ልቅሷቸው መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። ቆይቶ "ለሚ፣ ለሚ ኮ" እያሉ ጮኸው አለቀሱ፤ እናቴ ከቤታችን ሰምታ በባዶ እግሯ መጣች። የሰፈሩም ሰው ገብቶ አብሮ አለቀሰ። ከአራስነቱ ያወቁት ሴቶች ቁመቱን፣ ሳቁን እያነሡ ሙሾ አወረዱለት። በሳምንቱ እናቴ እጃቸውን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ወሰደቻቸውና የልጃቸውን የክርስትና ስም ለፍትሐት ሰጡ። ከዚያ ወዲያ ስለ ለሚ ያወሩ ጀመር። ሽሮ ሲበላ ቃሪያ እንደሚያበዛ፣ ገፈርሳ ግድብ ሲዋኝ አባቱ አሯሩጦ እንደገረፈው፣ ብዙ ብዙ ነገሩኝ።

እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። ቤቱ ተሽጦ በቦታው ፎቅ ተሠርቷል፤ ዴኩ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ለእኔ የቀረልኝ አንድ አመል ነው፤ ፊልም ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ባለፈው እሑድም ልጄ ክንዴን ነቅነቅ አድርጋ "ማሚ፣ እያየን እኮ ነው" ስትለኝ ነው ስናገር እንደ ነበር ያወቅሁት። ይቅርታ ብዬ ዝም አልኩ። ጥቂት ቆይቶ፣ ውኃው እየጠቆረ መሆኑን፣ ፈረሱም መሻገር እንደ ፈራ፣ ቀስ ብዬ ስናገር ራሴን ሰማሁት።